የታሸገ ጥፍጥፍ ወርቅ፦ ከነማሸጊያው ይቀመጥ ወይስ ይከፈት?

አዲስ አበባ፦ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ ባሉበት አካባቢ ወደሚገኙ ወርቅ ቤቶች የሚገባው ሰው አብዛኛው ለሠርግ፣ ለልደት ወይም ለዓመት በዓል የሚሆን ጌጥ ፈላጊ ነው። ሊገዛ ሳይሆን ሊያስመረምር ወይም ሊሸጥ የሚመጣም አለ። ከእነዚህም መካከል ሐብል ወይም አምባር ሳይሆን፣ መታወቂያ ካርድ በሚያክል ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ፣ የፋብሪካ ስም፣ ክብደትና ቁጥር የታተመበት ጥፍጥፍ ወርቅ ይዘው የሚመጡ ይገኛሉ።

የዚህ ዓይነት ወርቅ ባለቤቶች ከተለያየ የኑሮ ደረጃ የመጡ ናቸው። በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት አገልግለው ያጠራቀሙትን ደመወዝ ወደ ወርቅ ለውጠው የተመለሱ እህቶች አሉ። ዕቁብ ሲወጣላቸው የብር የመግዛት አቅም መቀነስ አሳስቧቸው ገንዘባቸውን በወርቅ ማኖር የመረጡ ነጋዴዎች አሉ። ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ በስጦታ የተቀበሉም አሉ። ለእነዚህ ወገኖች 10 ወይም 20 ግራም ወርቅ የበርካታ ዓመታት ልፋት ውጤት በመሆኑ፣ ፕላስቲኩን ቀድዶ ማውጣት ወይም አለማውጣት ቀላል ጥያቄ አይደለም። እሽጉ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል የሚል ስጋት አለ። ካልተከፈተ ደግሞ ውስጡ ያለው በእርግጥ ወርቅ ስለመሆኑ በምን ይታወቃል የሚል ሌላ ስጋት ይከተላል።

ሁለቱም ስጋቶች መሠረት አላቸው። መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ እሽጉ የሚሠራውንና የማይሠራውን ሥራ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

እሽጉ ምን ይናገራል?

ጥፍጥፍ ወርቅ በአንጣሪ ፋብሪካ ከተመረተ በኋላ ይመዘናል። በላዩም የፋብሪካው ስም፣ ክብደቱ፣ የጥራት ደረጃውና መለያ ቁጥሩ ይታተማል። የጥራት ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ 999.9 ተብሎ የሚጻፍ ሲሆን፣ ይህም ከ1,000 እጅ 999.9 እጁ ንጹህ ወርቅ ነው ማለት ነው። በወርቅ ቤቶቻችን አጠራር 24 ካራት የሚባለው ይኸው ነው። ለጌጥ የሚውለው 21 ካራት ከ1,000 እጅ 875፣ 18 ካራት ደግሞ 750 እጅ ወርቅ የያዘ ሲሆን ቀሪው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ማዕድን ነው። ንጹህ ወርቅ ለስላሳ በመሆኑ ጌጡ እንዳይጎብጥና ቶሎ እንዳያልቅ ሲባል ይቀላቀላል።

ጥፍጥፉ ከዚህ በኋላ በካርድ ላይ ተቀምጦ ይታሸጋል። በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በወርቁ ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር አንድ መሆን ይገባዋል። ማሸጊያው ሳይቀደድ ወይም ምልክት ሳይተው እንዳይከፈት ተደርጎ የሚሠራ ነው። በወርቅ ማንጠር ሥራ ከሚታወቁት የስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ የእያንዳንዱን ጥፍጥፍ ገጽታ በማሽን አንብበው በመመዝገብ፣ በኋላ ሲመጣ ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክሩበት ዘዴም ዘርግተዋል።

እንግዲህ እሽጉ ሁለት ነገሮችን ይናገራል። አንደኛው የወርቁን ማንነት ከአንድ ስም ጋር ማገናኘቱ ነው። ሁለተኛው ከታሸገበት ጊዜ ጀምሮ ማንም እጁን እንዳላስገባበት ማሳየቱ ነው። ሦስተኛ ነገር ግን የለውም። ሲታሸግ ውስጡ የገባው ምን እንደነበር እሽጉ ራሱ ሊመሰክር አይችልም፤ ምስክሩ ያሸገው አካል ነው። እንዲያውም እሽግ ከመለወጥ የሚከላከለውን ያህል ከመመርመርም ይከላከላል። ፕላስቲኩ እያለ ሚዛኑ የወርቁን ክብደት ለይቶ አያሳይም፤ የመፈተሻ ድንጋዩም ወርቁን አይነካውም።

የ2000 ዓ.ም. ጉዳይ

ይህ ልዩነት በተግባር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ጥፍጥፍ ወርቅ ተመላሽ ተደረገ። ምክንያቱም ተቀባዮቹ ሲመረምሩት ወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ባንኩ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ከአቅራቢ ከገዛው ወርቅ ውስጥ ሐሰተኛ መኖሩም ታወቀ። አቅራቢው፣ የሥራ ሸሪኮቹ፣ የባንኩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ባንኩ የሚገዛውን ወርቅ የመመርመርና የማረጋገጥ ኃላፊነት የነበረባቸው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች በቁጥጥር ሥር መዋላቸው በወቅቱ ተዘግቧል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከዓመታት በፊት በኮንትሮባንድ ሊወጣ ሲል ተይዞ ወደ ባንኩ ካዝና ከገባው ወርቅ መካከልም ሐሰተኛ ተገኘ። ባንኩ በካዝናው ያለውን ወርቅ ሁሉ እንዲያስመረምር የታዘዘውም ከዚህ በኋላ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በመጋቢት 2000 ዓ.ም. የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ 1,000 ዶላር በነካበት ወር አካባቢ መሆኑ ጉዳዩን የበለጠ መነጋገሪያ አድርጎት ነበር።

ከሁለቱ ግኝቶች የመጀመሪያው ስለ ምስክር ወረቀት ያስተምራል። ወርቁ ወደ ካዝና የገባው በባለሙያ ተመርምሯል ከሚል ማረጋገጫ ጋር ነው። ካዝናው ተቆልፏል፤ መዝገቡም ተሟልቷል። ከዚያ በኋላ ወርቁን የያዘ፣ የቆጠረና ያጓጓዘ ሰው ሁሉ የተመለከተው ወረቀቱን እንጂ ማዕድኑን አልነበረም። ማዕድኑን እንደገና የተመለከተው ሌላ አገር ያለ ገዢ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ አሳሳቢ ጥያቄ ያስነሳል። ተይዞ የገባው ወርቅ ሲያዝም ሐሰተኛ ነበር ወይስ እውነተኛው ገብቶ ካዝና ውስጥ እያለ በሌላ ተተካ? ዕቃው በገባበት ዕለት በሚገባ ተመርምሮ ክብደቱ፣ መጠኑና ጥራቱ በቁጥር ካልተመዘገበ፣ ከዓመታት በኋላ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ካዝና ማለት ትልቅ እሽግ ነው። ሳይመረመር የገባ ነገር ሳይታወቅ ይቀመጣል።

ወርቅ የተለበጠን ብረት ለመለየት የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ወርቅ እጅግ ከባድ ማዕድን ሲሆን አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ብረት የሚመዝነው 7.8 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። የ1 ኪሎ ግራም ጥፍጥፍ ወርቅ መጠኑ 52 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ቅርጽና መጠን ከብረት የተሠራው ግን ከ410 ግራም አይበልጥም። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም እንዲሞላ ከተፈለገም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሊገዝፍ ግድ ነው። ማስመሪያና ሚዛን የያዘ ሰው ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ ማግኔት ይስበዋል፤ ወርቅን ማግኔት አይስበውም።

ከብረት ይልቅ አስቸጋሪው ተንግስተን የተባለው ማዕድን ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ክብደቱ 19.25 ግራም በመሆኑ ከወርቅ ጋር ያለው ልዩነት በ100 ግራም ላይ ሩብ ግራም ያህል ብቻ ነው። ወርቅ የተለበጠ ተንግስተን ሚዛንንም ማስመሪያንም ሊያታልል ይችላል። ማግኔትም አያጋልጠውም። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን ከወርቅ ከግማሽ በታች ነው። ለዚህም ነው ዛሬ በፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ የማዕድኑን የኤሌክትሪክ ጠባይ የሚለኩ መሣሪያዎች በወርቅ ንግድ ላይ የተሰማሩ ወገኖች የሚፈልጓቸው የሆኑት።

አሞሌ፣ ማርትሬዛና ለንደን

ዋጋ ያለውን ነገር በውጫዊ ምልክቱ የማመን ልማድ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር የነበረው አሞሌ ጨው ከተሸራረፈ ወይም ከተሰበረ ዋጋው ይቀንስ ነበር። በመሆኑም በመንገድ እንዳይጎዳ ተጠቅልሎና ታስሮ ይጓጓዝ ነበር። የማርትሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት፣ 28 ግራም የሚመዝነውና ከ1,000 እጅ 833 እጁ ብር የሆነው ይህ ሳንቲም በገበያ ተቀባይነት የሚያገኘው የንግሥቲቱ የዘውድና የልብስ ጌጥ ነጠብጣቦች በግልጽ የሚታዩ ሲሆኑ ነበር። ነጠብጣቦቹ የጠፉበትን ሳንቲም ብሩ ያው ቢሆንም አልቀበልም የሚል ነጋዴ ጥቂት አልነበረም። ሰዉ ሞኝ ሆኖ አይደለም። መመርመሪያ የሌለው ሰው የሚመካው በምልክት ስለሆነ ነው።

በዓለም የወርቅ ገበያ ማዕከል በሆነችው ለንደንም አሠራሩ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። በዚያ የሚዘዋወሩት ትላልቅ ጥፍጥፎች እያንዳንዳቸው ከ350 እስከ 430 አውንስ፣ በአማካይ 12.4 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ሲሆኑ ከ1,000 እጅ ቢያንስ 995 እጃቸው ወርቅ መሆን አለበት። በፕላስቲክ አይታሸጉም። እሽጋቸው የታወቁ አንጣሪዎች፣ አጓጓዦችና ካዝናዎች ሰንሰለት ነው። ጥፍጥፉ ከሰንሰለቱ ሳይወጣ እስከተላለፈ ድረስ በየጊዜው አይመረመርም። አንድ ጊዜ ወጥቶ በግለሰብ እጅ ካደረ ግን ተመልሶ የሚገባው እንደገና ሲመረመር ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ለራጉኤሉ ባለ 10 ግራም ወርቅም ይሠራል። ከፋብሪካ ወደ ታወቀ ሻጭ፣ ከታወቀው ሻጭ በደረሰኝ ወደ እርስዎ የመጣ እሽግ ሰንሰለቱ አልተቋረጠም። ከማያውቁት ሰው በመንገድ፣ በስልክ ልውውጥ ወይም «ቸግሮኝ ነው» በሚል ምክንያት በርካሽ የተገዛ እሽግ ግን ፕላስቲኩ ያልተነካ ቢሆንም ሰንሰለቱ የተበጠሰ ነው።

እሽግ ራሱ በሐሰት ሊሠራ እንደሚችልም በሌሎች አገሮች የደረሱ ሁኔታዎች ያሳያሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በካናዳ ርዕሰ ከተማ ኦታዋ አንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ ከታወቀ ባንክ ቅርንጫፍ፣ የአገሪቱ የሳንቲም ማምረቻ ተቋም ምልክት ያለበትና የታሸገ ባለ 1 አውንስ ጥፍጥፍ ገዛ። የወርቅ ሥራ ባለሙያ ሊሠራበት ሲሞክር ከተለመደው በላይ ጠንካራ ሆነበት። ተቋሙም ጥፍጥፉ የእርሱ ምርት አለመሆኑን አስታወቀ። እሽጉ ሳይከፈት ቢቀመጥ ኖሮ ለብዙ ዓመታት ወርቅ ተብሎ ይኖር ነበር። በ2019 ደግሞ የታዋቂ አንጣሪዎች ስም በሐሰት የታተመባቸው ቢያንስ 1,000 ያህል ባለ አንድ ኪሎ ጥፍጥፎች በተለያዩ ጊዜያት መገኘታቸውን ሮይተርስ ዘግቧል። የሚገርመው በእነዚህ ውስጥ ያለው ወርቅ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሐሰቱ ያለው ማኅተሙ ላይ ነበር። ምንጩ የተከለከለ ወይም የማይታወቅ ወርቅ በታወቀ ስም ተሸፍኖ ወደ ገበያ እንዲገባ የተደረገበት ዘዴ ነው። በ2020 በቻይና ዉሃን ከተማ ለብድር ዋስትና ተይዞ የነበረ 83 ቶን ያህል «ወርቅ» ጉዳይ ሲነሳ፣ ከውስጡ ወርቅ የተለበጠ የመዳብ ቅይጥ መገኘቱም ይታወሳል።

በወርቅ ቤት ጠረጴዛ ላይ

አንድ ሰው ጥፍጥፍ ወርቅ ይዞ ወደ ወርቅ ቤት ሲገባ የሚደረገው ምርመራ በአብዛኛው ለዘመናት የቆየው ነው። ወርቁ በጥቁር የመፈተሻ ድንጋይ ላይ ይፋቃል። በተፋቀው መስመር ላይ አሲድ ይንጠባጠባል፤ ቀለሙ እየታየም ካራቱ ይገመታል። ዘዴው ለጌጥ ወርቅ ጠቃሚ ሲሆን ድክመቱ ግን የሚያየው ውጩን ብቻ መሆኑ ነው። ጥሩ ልባጥ ድንጋዩን ያልፋል። በኤክስሬይ ጨረር የሚሠራው ዘመናዊ መሣሪያም የካራት መጠንን በትክክል ቢያሳይም የሚያነበው ከገጹ እጅግ ስስ የሆነውን ክፍል ነው። ወርቅን እስከ ውስጡ የሚያረጋግጠው ማቅለጥና በእሳት ማንጠር፣ ወይም ጥፍጥፉን መቁረጥ ነው። «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» የሚባለው በሃይማኖት ስብከት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በባለሙያውም ዘንድ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው።

ገዢው ጌጥ ለመሥራት የሚያቀልጥ ከሆነ ለፕላስቲኩ የተለየ ዋጋ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። የሚከፍለው በግራም ነው። እሽጉ ዋጋ የሚኖረው ጥፍጥፉን እንደ ጥፍጥፍነቱ አስቀምጦ መልሶ ለሚሸጥ ገዢ ነው። ትናንሽ ጥፍጥፎች የማምረቻና የማሸጊያ ወጪያቸው በግራም ሲሰላ ከትላልቆቹ ስለሚበልጥ፣ ባለ 1 ወይም ባለ 5 ግራም የገዛ ሰው ከወርቁ ዋጋ በላይ የከፈለው ጭማሪ አለ። እሽጉን የቀደደ ዕለት ያንን ጭማሪ መልሶ የማግኘት ዕድሉን አብሮ ቀደደው ማለት ይቻላል። በ100 ግራም ጥፍጥፍ ላይ ግን ይህ ጭማሪ ከአጠቃላይ ዋጋው አንጻር አነስተኛ ሲሆን፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ የሚደርሰው ኪሳራ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በጸሐፊው እምነት ትንሹን እንደታሸገ ማቆየት፣ ለትልቁ ግን ሲገዛ በሚገባ ማስመርመር ሚዛን የሚደፋ ነው።

ወርቁ ከማሸጊያው ቢወጣ ይበላሻል የሚለው ስጋት ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። ወርቅ አይዝግም፤ አየርም ውኃም አይለውጠውም። ነገር ግን 24 ካራት ለስላሳ በመሆኑ ከሌላ ጌጥ ወይም ከቁልፍ ጋር በአንድ ከረጢት ቢቀመጥ ይጫጫራል። ጥቂት ሚሊ ግራምም ሊፋቅ ይችላል። ጭረቱ የወርቁን መጠን ብዙም ባይቀንስም የታተመውን ቁጥር ሊያደበዝዝ ይችላል። ቁጥሩ የጠፋ ጥፍጥፍ ከካርዱ ጋር ያለው ዝምድና ያበቃል። ካርዱን በማጣበቂያ መለጠፍ፣ በላዩ በእስክርቢቶ መጻፍ ወይም ለማየት ሲባል ጠርዙን መፈልቀቅም እሽጉን እንደተነካ የሚያስቆጥሩ ድርጊቶች ናቸው።

ወረቀቱ ከወርቁ ተለይቶ መቀመጥ እንዳለበት ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው የእሳት አደጋ ለነጋዴው ኅብረተሰብ ገና ከአእምሮ ያልጠፋ ነው። ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በመሆኑ ከቃጠሎ በኋላ ማዕድኑ ከፍርስራሹ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ቢቀልጥ እንኳ ረግቶ ይቆያል። ፕላስቲኩ፣ ካርዱና ደረሰኙ ግን አይተርፉም። የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ አንስቶ ወይም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር በሌላ ቦታ ማኖር አነስተኛ ጥንቃቄ ነው። ፎቶግራፉን ለሰው ሁሉ በሚታይ የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ ማውጣት ግን አይመከርም። ሐሰተኛ ካርድ ለሚያትም ሰው እውነተኛ ቁጥር ማቀበል ይሆናል፤ ሌባ መጥራትም ነው።

ደረሰኙ ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን የማዕድን ወርቅ ግብይት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ከሻኪሶ፣ ከአሶሳና ከሌሎች አካባቢዎች በባህላዊ መንገድ የሚመረተው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ እንዲገባ ሕግ ተደንግጓል። በመሆኑም ምንጩን ማስረዳት ያልቻለ ሰው በእጁ የያዘው ጥፍጥፍ ከኮንትሮባንድ ጋር ሊያያዝበት ይችላል። ከነማሸጊያው የተቀመጠ፣ የውጭ አገር አንጣሪ ስምና ቁጥር ያለው፣ የግዥ ደረሰኝና ወደ አገር ሲገባ የተሰጠ የጉምሩክ ሰነድ አብሮት ያለ ወርቅ ምንጩን በራሱ ያስረዳል። ማሸጊያው ተጥሎ፣ ጥፍጥፉም ተቆርጦ ከሆነ ይህን ማስረዳት የባለቤቱ ሸክም ይሆናል።

መቼ ይከፈት?

እሽጉን መክፈት ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ወርቁ ለሙሽራ ቀለበትና ሐብል እንዲሆን ታስቦ ከሆነ ማሸጊያውን ማቆየት ትርጉም የለውም፤ አንጥረኛው ማቅለጡ አይቀርም። ያም ቢሆን ባለቤቱ እሽጉ ሲከፈት፣ ጥፍጥፉ ሲመዘንና የሚቀላቀለው ማዕድን ሲጨመር በቦታው ቢገኝ ይመረጣል። 10 ግራም ባለ 24 ካራት ወደ 18 ካራት ሲለወጥ 13.3 ግራም ያህል ጌጥ እንደሚወጣው አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በሥራ ላይ የሚባክን ጥቂት ወርቅ እንደሚኖርም የታወቀ ነው። ስለ መጠኑ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ መነጋገር ለክርክር በር ይከፍታል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የተባለው ከዚህ ዓይነቱ መጨረሻ የመጣ ይመስላል።

የውርስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ወላጅ ትቶት ያለፈው የታሸገ ወርቅ ለወራሾች ሲከፋፈል፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ወንድም ወርቁን ሲወስድ ሌላው ገንዘብ ወይም ዕቃ ይደርሰዋል። ወርቁ ሳይመረመር በካርዱ ላይ በተጻፈው ብቻ ተገምቶ ከተከፋፈለና ከዓመታት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥፋቱ በሟች ነው ወይስ በወራሹ የሚለው ክርክር ቤተሰብ የሚበትን ነው። የብሔራዊ ባንኩ ሁለተኛ ግኝት ያስነሳው ጥያቄ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደገም ማለት ነው። ከመከፋፈሉ በፊት ሽማግሌዎችና ወራሾች ባሉበት ማስመርመር፣ ክብደቱን፣ ቁጥሩንና ውጤቱን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ መፈራረም ይገባል። ለምርመራው እሽጉ የግድ መቀደድ ካለበትም ይቀደድ። ለብድር ዋስትና ሲያዝም ይኸው ይሠራል፤ ተቀባዩም ሰጪውም ሲመለስ የሚመሳከር ነገር ያስፈልጋቸዋልና።

በሽያጭ ጊዜ የሚነሳው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ነው። ሻጩ እሽጉን ቤቱ ቀድዶ፣ ወርቁን በመሐረብ ጠቅልሎ ከመጣ ገዢው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እሽጉ እንዳለ ቀርቦ፣ የዕለቱ የግራም ዋጋ ተነግሮና ውጤቱ ጥሩ ከሆነ በስንት እንደሚገዛ ከተስማሙ በኋላ በሁለቱም ፊት ቢከፈት ግን ለሁለቱም ይበጃል። የአንድ አውንስ ዋጋ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2,000 ዶላር፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከ4,000 ዶላር በላይ የወጣ በመሆኑ፣ ትናንት የተነገረ ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። አንድ አውንስ 31.1 ግራም መሆኑን የሚያውቅ ሻጭ በስልኩ ካልኩሌተር ሂሳቡን ራሱ ሊያመሳክር ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወርቁ ከተሸጠና ከቀለጠ በኋላ የሚቀረው ባዶ ካርድ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ ይወጣል። እውነተኛ የፋብሪካ ስምና እውነተኛ ቁጥር ያለው ባዶ ማሸጊያ ለአታላይ ሰው ከወርቅ የማይተናነስ ዕቃ ነው፤ ተመሳሳይ ቁጥር የታተመበት ልባጥ ብረት አስገብቶ ጠርዙን ዳግም ለመለጠፍ ሊጠቀምበት ይችላል። ባለቤቱ ካርዱን ተቀብሎ፣ ቁጥሩ ያለበትን ጎን በመቀስ ቆራርጦ ሊጥለው ይገባል።